የተጎጂዋ ካርድ በማን እጅ ይውላል?

ፍኖተ ሰላም፦ አስገድዶ መድፈር የተፈጸመባት ሴት ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚሰጠውን መድኃኒት መጀመር ያለባት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ቶሎ በጀመረች ቁጥር የተሻለ ነው፤ ከጀመረች በኋላም 28 ቀን ሳታቋርጥ መውሰድ ይኖርባታል። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለው መድኃኒት እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ቢችልም ቀን በገፋ ቁጥር አቅሙ እየደከመ ይሄዳል። በሰውነቷና በልብሷ ላይ የቀረው ማስረጃም ገላዋን ከታጠበችና ልብሷን ካጠበች በኋላ ሊጠፋ ይችላል። ለፍኖተ ሰላም ወይም ለቡሬ ከተማ ነዋሪ 3 ቀን ብዙ ሊመስል ይችላል። ከወንበርማ፣ ከሰከላ ወይም ከቋሪት ገጠር ተነሥቶ ለሚመጣ ሰው ግን፣ በተለይ በክረምት ወንዝ ሲሞላና መንገድ ሲበላሽ፣ አንዱ ቀን በጉዞ ብቻ ሊያልቅ ይችላል።

የቀሩትን ቀናት የሚበላው ኀፍረትና ፍርሐት ነው። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል ከ10ሩ አንዷ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባት እንደሚያውቅ ተናግራለች። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ ርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ነበሩ። 66 በመቶዎቹ ርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም ሰው ትንፍሽ አላሉም። የዝምታው ምክንያት ብዙ ነው፤ ቤተሰብ፣ ጋብቻ፣ የጥቃት አድራሹ ማንነት፣ የፍትሕ አካላት ርቀት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን በራሱ በጤና ተቋሙ እጅ ያለና ሊስተካከል የሚችል ነው፤ «ካርድ ባወጣ ማን ያየኛል?» የሚለው ሥጋት። የተጎጂዋ መዝገብ አያያዝ የቢሮ ሥራ ተደርጎ ሲታይ የኖረው ይህ ሥጋት በሚገባ ስላልተጤነ ይመስላል።

በየትኛውም ሆስፒታል የአንድ ታካሚ ካርድ በብዙ እጅ ያልፋል። ካርድ ክፍል ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ቀበሌዋንና ስልኳን ይመዘግባል። ከዚያ ነርሷ፣ ሐኪሙ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛና ገንዘብ ተቀባዩ በየተራ ያዩታል። ወባ ለያዘው ሰው ይህ ሁሉ ምንም አይደለም። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ግን ሰው ከሰው የሚተዋወቅባቸው ከተሞች ናቸው። ካርድ አውጪዋ የአጎት ልጅ፣ ጥበቃው የመንደር ሰው፣ ወረፋ ላይ ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት የእናቷ ቡና አጣጭ ልትሆን ትችላለች። ተጎጂዋ የታዘዘላት መድኃኒት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚታደልበት መስኮት የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ እዚያ ቆማ መታየቷ ብቻ በከተማው ሌላ ወሬ ይፈጥራል። መስኮቱ በሌሊትና በበዓል ቀን የሚዘጋ ከሆነም 72ቱ ሰዓት ዝም ብሎ ይቆጠራል። ለመነሻ የሚሆን መድኃኒት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ ሁለቱንም ችግር ያቀልላል።

በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል በ2004 ዓ.ም የመጀመሪያው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲጀመር የታሰበው ይህን መንከራተት ለማስቀረት ነበር። ሕክምናው፣ የሥነ ልቦና ምክሩ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሆኑ፣ ተጎጂዋም የደረሰባትን በየቢሮው ደጋግማ እንዳትናገር። ደቡብ አፍሪካ ቱቱዜላ በሚባሉት ማዕከሎቿ ከ2000 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሄደችበት መንገድም ይኸው ነው። አሠራሩ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልሎች ሆስፒታሎችም ተስፋፍቷል።

የአንድ ማዕከል አገልግሎት ግን በአንድ ክፍል ውስጥ 3 የተለያዩ ልማዶችን ያገናኛል። ሐኪም ምስጢር መጠበቅን ተምሯል፤ በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399ም የሙያ ምስጢር ያወጣውን ይቀጣል። ፖሊስ ማስረጃ ይፈልጋል። ፍርድ ቤት ደግሞ የቀረበበትን ማስረጃ ተከሳሹም እንዲያየው ማድረግ አለበት። ሦስቱም ትክክል ናቸው። የሚያጋጩት አንዱ የሌላውን ወረቀት ሳይለይ ሲወስድ ነው። ፖሊስ ለክስ የሚያስፈልገው ሐኪሙ በሰውነቷ ላይ ያየውን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ነው። ሙሉ ካርዷን ቢወስድ ግን ከ3 ዓመት በፊት የታከመችው ሕመም፣ የእርግዝና መከላከያ መጠቀሟ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤቷ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አንድ ቀን ተከሳሹ ወይም ጠበቃው በችሎት ፊት ሊያነበውም ይችላል።

መላው ለሀገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የኤች አይ ቪ የፈቃደኝነት ምርመራ በተስፋፋበት ዘመን ሰዎች በስማቸው ሳይሆን በቁጥር ይመረመሩ እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። እዚህም ስሟንና ቁጥሯን የሚያገናኘው መዝገብ አንድ ብቻ ሆኖ፣ በተቆለፈ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ቁልፉ በስም በታወቀ አንድ ኀላፊና በተተኪው እጅ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ውጪ ወደ ላቦራቶሪና ወደ መድኃኒት ቤት የሚሄደው ቁጥሩ ነው። ካርዱ ላይ «የተደፈረች» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ መጻፍ፣ ወይም የክፍሉ በር ላይ «የተደፈሩ ሴቶች ክፍል» ብሎ መለጠፍ ቁጥሩን ከንቱ ያደርገዋል።

ወደ ገጠር ስንወጣ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ በጤና ኬላዎች «የቤተሰብ ማኅደር» የሚባል አያያዝ ተለምዷል። የአንድ ቤተሰብ ክትባት፣ የእርግዝና ክትትል፣ የወባ ሕክምና፣ የመጸዳጃ ቤት ሁኔታ ሳይቀር በአንድ ማኅደር ይቀመጣል። ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና እጅግ የጠቀመ አሠራር ነው። ለወሲባዊ ጥቃት መዝገብ ግን ከዚህ የባሰ ማስቀመጫ ማግኘት ይከብዳል፤ ጥቃት አድራሹ ባል፣ ዘመድ፣ እንጀራ አባት ወይም ጎረቤት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነውና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ብዙ ጊዜ የዚያው ቀበሌ ልጅ ናት፤ ከጥቃት አድራሹ ቤተሰብ ጋር በአንድ ዕድር ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ በማኅደሩ ላይ ወደ ሆስፒታል መላኳ ብቻ ቢጻፍ ይበቃል። የሪፈር ወረቀቱም በታሸገ ፖስታ መሆን አለበት፤ ወረቀቱን ይዞ የሚሄደው ወንድሟ፣ የጎጡ ሚሊሻ ወይም ባጃጅ ነጂው ሊሆን ስለሚችል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም እንዲሁ ነው። ሙከራው በ2003 ዓ.ም ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ በወቅቱ በምዕራብ ጎጃም ሥር የነበረው ደቡብ አቸፈር ነበር፤ አካባቢው የመድኑን ጥቅም ቀድሞ ካወቁት መካከል ነው። የመድኑ አባልነት የሚያዘው በቤተሰብ ነው፤ መታወቂያውም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአባወራው እጅ ነው። ታዲያ ጥቃት የደረሰባት ሚስት ወይም ልጅ ለመታከም መታወቂያውን ስጡኝ ስትል ምን ትበል? ለወሲባዊ ጥቃት የሚሰጥ ሕክምና በነፃና የመድን መታወቂያ ሳይጠየቅ ቢሰጥ ጥቅሙ ከገንዘቡ በላይ ነው፤ ለቤተሰቡ የሚደርስ የወረቀት ዱካ አይተውም።

ስልኩም መዘንጋት የለበትም። ሕክምናው በአንድ ቀን አያበቃም። የደም ምርመራው በ6 ሳምንትና በ3 ወር ይደገማል፤ የጉበት ቫይረስ ክትባቱም ተከታታይ ነው። በካርዱ ላይ የተጻፈው ስልክ ግን የወንድሟ ወይም የባሏ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ባለ ሱቅ ነው። «ከሆስፒታል ነው የምንደውለው፣ ቀጠሮዋ አልፏል» የሚል አንድ ቅን ጥሪ ለወራት የተደበቀውን ሊያፈርጠው ይችላል። በየትኛው ስልክ፣ በስንት ሰዓት፣ ደዋዩ ማን ነኝ ብሎ እንዲደውል አስቀድሞ ራሷን ጠይቆ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቀጠሮዋን ከገበያ ቀን ጋር ማገጣጠምም ይቻላል፤ ወደ ከተማ የምትወጣበት ምክንያት ይኖራታልና። ከገጠር መጥተው ቡሬና ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ እየተላከላቸው ለሚማሩ ልጃገረዶች ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ አሳዳጊዋ ማወቅ ይኖርበታል፤ ከአሳዳጊዎቿ የትኛው ይወቅ የሚለውን ግን ልጅቱን ሳያነጋግሩ ወደ ቤት መደወል ጥቃት አድራሹን መጥራት ሊሆን ይችላል። ወንዶች ልጆችም ከዚህ ጥቃት ነፃ አይደሉም፤ በመዝገብ የሚገኙት ግን ከሴቶቹም ያነሱ ናቸው።

ከጤና ተቋማት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞንና ወደ ክልል የሚሄደው ሪፖርት ስም የለበትም። በቁጥር ተጠቃልሎ ይላካል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በከተማ ምስጢር የሚጠብቅ ቁጥር በገጠር ላይጠብቅ ይችላል። ከአንድ ጤና ጣቢያ በአንድ ወር «ዕድሜዋ ከ15 ዓመት በታች፣ 1» የሚል ሪፖርት ሲወጣና በስብሰባ ላይ ሲነበብ የቀበሌው ሰው ማን እንደሆነች ለማወቅ ስም አያስፈልገውም። ትናንሽ ቁጥሮች በጤና ጣቢያና በቀበሌ ሳይሆን በወረዳ ወይም በዞን፣ በወር ሳይሆን በሩብ ዓመት ተደምረው ቢነገሩ ዕቅዱ ምንም አይጎድልበትም። መገናኛ ብዙኃንም ከዚህ ውጪ አይደሉም። ቀበሌውን፣ የልጅቱን ዕድሜና የአባቷን ሥራ ከዘረዘሩ በኋላ «ስሟ እንዳይጠቀስ የተፈለገ» ብሎ መጻፍ ለአዲስ አበባ አንባቢ ምስጢር ነው፤ ለጎጡ ሰው ግን አይደለም።

እስካሁን ያልነው መዝገቡን ስለ መሰወር ነው። ያው መዝገብ ግን ለፍርድ ሲቀርብ መናገር አለበት፤ የሚናገረውም የተጻፈበትን ያህል ብቻ ነው።

ዕድሜን እንውሰድ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 መሠረት አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከሆነች ጣሪያው 20 ዓመት ይሆናል። ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ግን በአንቀጽ 627 መሠረት ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። ተረኛው ባለሙያ በግምት «14 ዓመት» ብሎ የጻፋት ቁጥር የክሱን አንቀጽ ልትቀይር ትችላለች ማለት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በነሐሴ 2008 ዓ.ም ስለሆነ ከዚያ በፊት ለተወለዱ የገጠር ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት በእጅ ላይገኝ ይችላል። የክትባት ካርድ ወይም የክርስትና ቀን የተጻፈበት ወረቀት እንደዋዛ የሚጣል ነገር አይደለም። ባለሙያውም ዕድሜዋን ከየት እንዳገኘው፣ ከካርድ ይሁን ከእናቷ ቃል ወይም ከግምት፣ ለይቶ መጻፍ አለበት።

ሰዓትም እንዲሁ። «8 ሰዓት» የቀን ነው የሌሊት? በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነው፤ የ6 ሰዓት ልዩነት ለ72 ሰዓት ቆጠራም፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርሁ ለሚል ተከሳሽም ትልቅ ነገር ነው። የሐኪሙ ወረቀት በፈረንጅ፣ የፖሊስ ወረቀት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ተጽፎ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚጎዳው ክሱ ነው።

ከሁሉ የከፋው የድንግልና ነገር ነው። በየአካባቢው ሽማግሌም ሆነ ፖሊስ ከሐኪም መስማት የሚፈልገው «ድንግል ናት ወይስ አይደለችም?» የሚለውን ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤትና የሴቶች ድርጅቱ በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ በጋራ ባወጡት መግለጫ ይህ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና መቅረት እንዳለበት አሳስበዋል። የተደፈረች ሴት በአካሏ ላይ ምንም ጉዳት ላይታይባት ይችላል፤ ያገባች ሴትም ትደፈራለች። ሐኪም መጻፍ ያለበት ያየውን ነው፤ ቁስሉ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ቀለሙን፣ የልብሱን ሁኔታ፣ ምን ናሙና እንደተወሰደና ለማን እንደተሰጠ። ጉዳት አለማየቱን ከጻፈም ይህ ጥቃት አልደረሰም ማለት እንዳልሆነ አብሮ ይጻፍ።

የወረቀቱ ዋጋ በደንብ የሚታየው ነገሩ በሽምግልና ከተያዘ በኋላ ነው። በ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው ተጎጂዋን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ይህን አስቀርቷል። ልማዱ ግን ከሕጉ ጋር አብሮ አልተሻረም። በሬ ታርዶ፣ ካሣ ተቆርጦ፣ ምስክሮች ቃላቸውን ሲለውጡ የማይለወጠው የመጀመሪያው ቀን የሕክምና ጽሑፍ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ለዚህ ያላት አሠራር ልብ የሚባል ነው፤ የተደፈረ ሰው ምርመራ የሚመዘገብበት ቅጽ በ3 ቅጂ ይሞላል፤ አንዱ ለፖሊስ፣ አንዱ ለተጎጂዋ ይሰጣል፤ አንዱ በጤና ተቋሙ ይቀራል። የፖሊሱ ቅጂ ቢጠፋ ሁለት አለ። ለተጎጂዋ ቅጂ መስጠት ግን ቤቷ ለደኅንነቷ የማያሰጋ ሲሆን ነው፤ ካልሆነ በማዕከሉ ይቀመጥላት።

ሕክምናው የፖሊስ ደብዳቤ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው ለታመመ ሰው እንጂ ለከሳሽ አይደለም። መክሰስ የማትፈልግ ሴትም የመታከም መብት አላት። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እና 552 መሠረት ከመደፈር የመጣ ጽንስ እንዲቋረጥላት ለምትጠይቅ ሴትም ቃሏ በቂ ማስረጃ ነው። ማስረጃው ተጽፎ፣ ታሽጎ፣ ቀን ተጽፎበት ከተቀመጠ በኋላ ልትከስስ ብትወስን ያን ጊዜ ይገኛል።

በክልላችን ያለፉት ዓመታት ሌላም ነገር አሳይተዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ነፋስ መውጫ ላይ ጥቃት የደረሰባቸውን 16 ሴቶች ያነጋገረው የአምነስቲ ኢንተርናሽናል ሪፖርት የከተማዋ ሆስፒታል በመዘረፉና በመጎዳቱ ሙሉ ሕክምና ማግኘት እንዳልቻሉ ገልጿል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ደግሞ ኢንተርኔት በክልሉ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። መረጃን በኮምፒውተር ብቻ የያዘ ተቋም መስመር ሲቋረጥ ይቸገራል። በወረቀት ብቻ የያዘ ደግሞ ሕንፃው ሲዘረፍ ስሞቹን ያሳጣል፤ ይባስ ብሎም በማያውቀው እጅ ላይ ይጥላቸዋል። ስምና ቁጥርን የሚያገናኘው መዝገብ ከሌላው ተለይቶ በአንድ ሰው ፈጥኖ ሊነሣ የሚችል ቀጭን ደብተር ቢሆን የሚበጀው ለዚህም ነው።

ወረቀት አልባ አሠራር ሲመጣም ሥጋቱ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ ከተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የ33 ሺህ ያህል ታካሚዎች ምስጢር በኮምፒውተር ተሰርቆ በ2020 እ.ኤ.አ ታካሚዎቹ አንድ በአንድ ገንዘብ አምጡ ተብለው ተዝተውባቸዋል። እኛ ጋ የሚያሰጋው ግን የሩቅ ሰርጎ ገብ አይመስልም፤ ለ5 ሠራተኛ የሚያገለግል አንድ የይለፍ ቃል፣ ሳይዘጋ የተተወ ኮምፒውተርና በግል ስልክ ተነሥቶ በቴሌግራም የሚላክ የቁስል ፎቶግራፍ ነው።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አስገብቶታል። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስሕተት ካለበት እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ካርድ ክፍል እጅግ ይርቃል። አዋጁ ወደ ታች የሚወርደው የሆስፒታል ቦርድና የወረዳ ምክር ቤት ሲጠይቁ ነው። የወረዳ በጀት በየዓመቱ ከሐምሌ 1 ይጀምራል። ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን፣ ባለ ሦስት ቅጂ ቅጽ፣ የታሸገ ፖስታ፣ ሌሊት የሚገኝ የ72 ሰዓት መድኃኒትና ቁልፉን የሚይዝ አንድ የታወቀ ባለሙያ ከአንድ መኪና ጎማ ብዙም የሚበልጥ ወጪ አይጠይቁም። የምክር ቤት አባል ሆኖ ለሚቀመጥ ገበሬም ሆነ ነዋሪ የመጀመሪያው ጥያቄ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ፣ ያ ሰው በሌለበት ቀን ደግሞ ማን እንደሚይዘው ሊሆን ይችላል።